ትኋን ለማጥፋት የመጣው ሰው «ኪኒን አስቀምጣለሁ» አለኝ፤ ፈቃዱ ይበቃዋል?

አከራይዋ ከጠባሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ በአንድ መስመር የተሠሩ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ተከራዮቼ አብዛኞቹ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ጥጉ ላይ ያለችው አራስ ናት።

ትኋን ገባብን። ከማን ክፍል እንደተነሣ አላውቅም፤ ሁሉም ጎረቤቱን ይጠቁማል። አንዱ ልጅ ያገለገለ አልጋ ገዝቶ ገብቷል፣ ስለዚህ ሁሉም እሱ ላይ ዘመተ። አጠገቡ ያለችው ደግሞ «እሱ ሳይገባም ይነክሰኝ ነበር» ትላለች። እኔ ዳኛ መሆን አልፈልግም፤ ትኋኑ ይጥፋልኝ እንጂ።

ሰው ጠቁሞኝ አንድ «ባለሙያ» መጣ። በር ላይ ቆሞ ክፍሎቹን በጣቱ ቆጠረና በክፍል 900 ብር አለኝ። ውስጥ አልገባም። ፈቃድ አለህ ወይ ስለው ከቦርሳው ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አወጣ። ፎቶው አለ፣ ማኅተምም አለው። መነጽሬን አድርጌ ሳነበው የሥራ መስክ የሚለው ላይ የግብርና ኬሚካል ችርቻሮ ይላል። «ርጭት የሚለው የታለ?» አልኩት። «ያው ነው እትዬ፣ የሚሸጥ ሰው መጠቀም ያቅተዋል?» ብሎ ሳቀ።

ጭራሽ ርጭትም አያስፈልግም አለኝ። ኪኒን በቆርኪ አድርጎ አልጋ ሥር ያስቀምጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ተከራዩ ለአንድ ሌሊት ሌላ ቦታ ያድራል፣ ጠዋት አንድም ትኋን አይተርፍም። ስድስቱንም በአንዴ ማስለቀቅ ስለሚከብድ በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል እንሥራ አለ። ቀብድ 2,000 ብር ጠይቆኛል፤ ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ እያዘገየሁት ነው።

ይህ ፈቃድ ይበቃል ወይ? ሰው ስቀጥር ምን ልጠይቀው? ወይስ እኔው ከገበያ ገዝቼ ልርጨው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ውርጭ ለመደኝ

እትዬ፣ ለትኋን ያን ሁሉ ብር? ፍራሹን ሌሊት ውጭ ያሳድሩት። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳን ትኋን ሰውም ያደርቃል! አልጋውን ነጭ ጋዝ ይቀቡት፣ በቃ። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው፣ እኛም አድገናል።

ቆላና ደጋ

እትዬ፣ ቀብዱን አይስጡ። ሌላውን ቀስ ብዬ ልንገርዎ፤ ይህችን ግን ዛሬውኑ ይያዙልኝ።

እኔ የተባይ ቁጥጥር ሥራ ላይ ነኝ። የጀመርኩት ሸዋ ሮቢት የወባ ርጭት ላይ ነው፤ ስምንት ሊትር የሚይዝ ፓምፕ አንግቶ ቤት ለቤት። አሁን በራሴ ፈቃድ ደብረ ብርሃንም ቆላም እሠራለሁ። ሥራ ፍለጋ አይደለም የምጽፈው። ሰውዬው ያለው ነገር ስላስደነገጠኝ ነው።

ያ ኪኒን ከገመትኩት ውጭ ሊሆን አይችልም። የእህል ኪኒን ነው፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው። የተሠራው ለጎተራና ለመጋዘን ነቀዝ ነው። ኪኒኑ ራሱ አይደለም የሚገድለው። አየር ላይ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ የሚገድለው እሱ ነው። ለነቀዝ፣ ለትኋን፣ ለአይጥ፣ ለሰው አይመርጥም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ቤት ቢደርሱም ሐኪሙ የሚችለው ሰውነትን ደግፎ ማቆየት ብቻ ነው። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ሽታው ግን አይታመንም፣ ሳይሸትም ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ እርስዎ ክፍሎች ልምጣ። ሳላያቸው ልናገር፦ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ናቸው፣ ኮርኒሱ የተዘረጋ ማዳበሪያ ነው፣ በክፍልና በክፍል መካከል ያለው ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም። ልክ ነኝ? ደብረ ብርሃንም ጫጫም ያየኋቸው ሰርቪስ ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው አንዱን ክፍል ዘግቶ ኪኒን ሲያስቀምጥ ጋዙ በማዳበሪያው ቀዳዳ ወጥቶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤት ደግሞ ተኝቷል። ብርድ ስለሆነ መስኮቱን ጠርቅሞ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወትፎ። «በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል» ማለት በየሌሊቱ አምስት ክፍል ሰው ከጋዙ አጠገብ ይደር ማለት ነው። አራሷንም ጨምሮ።

«ጠዋት ያልቃል» ያለውም እዚህ አገር አይሠራም። በብርድና በደረቅ አየር ኪኒኑ ቶሎ አይፈርስም። ሸዋ ሮቢት ቶሎ የሚጨርሰውን ደብረ ብርሃን ላይ ቀናት ሊቆይበት ይችላል። ተከራዩ ጠዋት ገብቶ «ዱቄት ሆኗል» ብሎ ሲጠርገው ውስጡ ገና ያልፈረሰ ሊኖር ይችላል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ማንበብዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ማኅተም ካየ አበቃ። ንግድ ፈቃድ ላይ የሥራ መስክ የሚጻፈው በምክንያት ነው። ችርቻሮ የሚለው ለመሸጥ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ገብቶ ለማከም አይደለም። ፈቃድ በየበጀት ዓመቱ ይታደሳል፣ ስለዚህ የዘንድሮውን እድሳት ይጠይቁ። ላሚኔት የተደረገ ነገር ደግሞ እኔን ያጠራጥረኛል፤ የስንት ዓመት ኮፒ እንደሆነ ማን ያውቃል? የግብር ከፋይ ቁጥሩን ጽፈው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስጠይቁ። የማያፍርበት ሰው ቁጥሩን ለመስጠት አይግደረደርም።

ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ከወረቀቱ በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ገብቷል ወይ? የትኋን ሥራ ግማሹ ፍለጋ ነው። ባትሪ ይዞ አልጋ የሚገለብጥ፣ የፍራሹን ስፌት በጣቱ የሚከፍት፣ የምስማር ቀዳዳ የሚያይ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርቶንና ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ነው ባለሙያ። እንደ ቀለም ጠብታ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ እዚያ ነው ሠፈሩ። በር ላይ ቆሞ ክፍል የሚቆጥር ሰው ዋጋ እንጂ ትኋን አላየም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «መቼ ትመለሳለህ?» የሚል ነው። አብዛኛው ርጭት ትኋኑን ይገድላል፣ ዕንቁላሉን ግን አይገድልም። ዕንቁላሉ ሙቀት ባለበት በሳምንት አካባቢ ይፈለፈላል። በእኛ ብርድ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ላይ በሁለት ሳምንት የምመለስበትን ሥራ ደብረ ብርሃን ላይ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው የምደግመው። «አንዴ ከረጨሁ አበቃ» የሚልዎትን ይሸኙት። ክፍያውንም ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ በመጀመሪያው፣ ግማሹ ተመልሶ ሲረጭ። ይህን የማይቀበል ሰው መመለስ አላሰበም።

ሦስተኛው፣ ጠርሙሱን ያሳይ። በኮካ ጠርሙስ ቀድቶ የመጣ ነገር ቤትዎ አይግባ። ከነሌብሉ ይምጣ። ሌብሉ ላይ ለቤት ውስጥ መሆኑ፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ጊዜ፣ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ ይነበባል። የአገሩ ሕግ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት። እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ሰው ቢታመም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።

ራሴ ልርጨው ላሉት፣ ከእርሻ ኬሚካል ሱቅ ገዝተው ከሆነ አይሞክሩት። ማላታይንና ዲያዚኖን ለእርሻ ተብሎ የተዘጋጀውን ፍራሽ ላይ የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ። ሰው እዚያ ላይ ይተኛል እኮ! ምራቅና እንባ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ካዩ የመመረዝ ምልክት ነውና ከነጠርሙሱ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ውርጭ ለመደኝ፣ ወንድሜ፣ ነጭ ጋዙን ተወው። ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሻማና ከሰል አለ፤ ትኋኑን ትቶ ቤቱን ያነዳል። ውርጩም አይበቃም። ትኋን በብርድ እንዲሞት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ለቀናት መቆየት አለበት። የእኛ ውርጭ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ፍራሹን ስትመልሰው ትኋኑ ተኝቶ ያደረ ነው፣ ያውም ርቦት።

እነዋሪ ጅሩ

ቆላና ደጋ፣ ትንሽ አላጋነንክም? እኛ ጅሩ ላይ ስንዴያችንን በዚያ ኪኒን ነው የምናቆየው። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ጎተራ ውስጥ እንጨምራለን፣ ማንም አልሞተም። አይጥ ጉድጓድም እንከታለን።

ቆላና ደጋ

አላጋነንኩም ወንድም ጋሼ። ጎተራችሁ ከመኝታ ቤት ውጭ ከሆነ፣ ሰው የማያድርበት ከሆነ፣ ተዘግቶ ቆይቶ ከተከፈተም በኋላ በደንብ ከተናፈሰ፣ የተሠራበት ሥራ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ጆንያው መኝታ ክፍል ጥግ ላይ ሲሆን ነው። ክረምት ላይ ልጆች ከእህሉ ጋር የሚተኙበት ቤት ጥቂት አይደለም። እዚያ ላይ ኪኒን አይገባም፣ አንዲትም ብትሆን።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ እህል ሦስት ድርብ የሆነው ፒክስ የሚባለው ከረጢት አለ። ውስጡ ሁለት ላስቲክ ነው፣ ውጩ ማዳበሪያ። በደንብ የደረቀ እህል ሞልተህ አየሩን አስወጥተህ እያንዳንዱን ለየብቻ ጥብቅ አድርገህ ታስራለህ። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መርዝ የለውም። አይጥ እንዳይበሳው ብቻ ከመሬት ከፍ አድርገው። ለአይጡም ቢሆን ጉድጓዱ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ከሆነ ኪኒን አትክተት፤ ጋዙ በስንጥቅ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጭቃ ቤት ደግሞ ስንጥቅ መች ያጣል!

የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ

ከጥያቄው ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካው፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ሆቴሉ እየበዛ ነው። በዚህ ሥራ ፈቃድ ማውጣት ያዋጣል? ከየት ልጀምር? ኬሚካሉን በትምህርት አውቀዋለሁ።

ቆላና ደጋ

ያዋጣል፤ በቤት ርጭት ብቻ ግን አትኑር። ቤተሰብ የሚጠራህ ሲጨንቀው ብቻ ነው። ቋሚ እንጀራ የሚሰጥህ ሆቴል፣ ዳቦ ቤት፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ መጋዘን ነው። እነዚህ ውል ይፈልጋሉ፣ በየወሩ ያስጠሩሃል፣ ደረሰኝና ሪፖርት ይጠይቁሃል። ስለዚህ መጻፍ ልመድ። የቱን ክፍል አየሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን ተጠቀምኩ፣ በስንት መጠን፣ መቼ እመለሳለሁ። ብዙ ረጪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ፈቃዱ ላይ መንገዱ የታወቀ ነው። የግብር ከፋይ ቁጥር ታወጣለህ፣ የንግድ ምዝገባ ታደርጋለህ፣ ከሚመለከተው ዘርፍ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይዘህ ንግድ ፈቃዱን ትወስዳለህ። መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድና የትኛውን የሥራ መስክ መጠየቅ እንዳለብህ አጣራ። መስኩን ሳትለይ ከሮጥክ እትዬ ቤት እንደመጣው ሰውዬ የማይገናኝ ወረቀት ይዘህ ትዞራለህ። የዲግሪህ ኮፒ ለብቃት ማረጋገጫው ይጠቅምሃል፣ በደንብ ያዘው።

ግን አንድ ነገር። ኬሚካሉን ማወቅና ቤት ማወቅ ይለያያል። እኔ ከወባ ርጭት ስመጣ የለመድኩት ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ርቀህ፣ እጅህን በእኩል ፍጥነት ከላይ ወደ ታች። ትንኝ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ እዚያ ይሠራል። ትኋን ግን ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው፤ ግድግዳውን ብታጥበው አይሰማም። ስለዚህ ፈቃድ ከማውጣትህ በፊት አንድ ሲሠራ የኖረ ሰው ጋር ሂድና አልጋ መፍታት ተማር። አዎ፣ አልጋ መፍታት። ካቻቢቴህን ከፓምፑ በፊት ግዛ።

ጭምብሉንም አትሰስት። ያቺ የጨርቅ ማስክ ለአቧራ ናት። ለኬሚካል ትነት ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ የላስቲክ ጓንት፣ መነጽር፣ ቦቲ። ደንበኛህ ቲሸርት ለብሰህ ስትረጭ ካየህ «ይህ ነገር ውኃ ነው እንዴ?» ይልሃል፣ እውነቱን ነው።

አከራይዋ ከጠባሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። ሰውዬው ዛሬ ደውሎ ነበር። የግብር ከፋይ ቁጥርህን ላክልኝ አልኩት፣ «እልክልዎታለሁ» ብሎ ዘጋ። አልላከም።

ቆላና ደጋ፣ ኮርኒሱ እንዳልከው ማዳበሪያ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያው ጋ አይደርስም። ማታ ከልጆቹ ጋር ባትሪ ይዘን አየን። አልጋው ላይ ጥቂት ነው ያገኘነው። ማዳበሪያው ከግድግዳው ጋር በምስማር የተመታበት ጠርዝ ላይ ግን በመስመር ተደርድሯል! ከሁሉም የባሰው ደግሞ ያ ልጅ አልጋ የገዛበት ክፍል አይደለም፣ መካከል ላይ ያለው ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው!

አሁን ፈቃድ ያለው፣ ቤት ገብቶ የሚያይ ሰው ፈልጌ አሠራለሁ። ከዚያ በፊት ምን ላዘጋጅ? አራሷንስ ምን ላድርግ?

ቆላና ደጋ

እሰይ እትዬ፣ ሠፈሩን አገኙት ማለት ነው። እንግዲህ ማዳበሪያው ይውረድ። ቀስ ተብሎ፣ እየተጠቀለለ፣ ሳይራገፍ። ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይታሰር። አውጥተው አጥር ላይ እንዳይሰቅሉት፤ ጎረቤት ይገባል። መልሰው ኮርኒስ ሲሠሩ ቢቻል ጠርዙ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ የሚዘጋ ይሁን።

ስድስቱም ክፍል በአንድ ቀን ነው የሚሠራው። ትኋን በእግሩ ይሄዳል፤ አንዱን ክፍል ሲረጩት ወደ ሌላው ይሻገራል። ተከራዮቹን እሑድ ወይም ፈረቃቸው የሚገጥምበትን ቀን አስቀድመው ያስማሙ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚፈላ ልብስ ሁሉ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፍ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ቢሆንም ይበቃል፤ ትኋንም ዕንቁላሉም 50ን ካለፈ አይችሉም። የአልጋውንም መገጣጠሚያ ፈትታችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ይህን በነጻ ታገኙታላችሁ። የታጠበው ልብስ ታስሮ ይቀመጥ እንጂ ተመልሶ አልጋ ላይ አይጣል።

ሽሮውም በርበሬውም እንጀራውም ከክፍሉ ይውጣ። ዕቃ ይከደን፣ የልጅ ጡጦም እንዳይረሳ። ዶሮ ካለዎት የሞተ ትኋን እንዳትለቅም ያስሩልኝ። ከርጭቱ በኋላ ረጪው እስከሚላችሁ ሰዓት ድረስ ማንም አይግባ፣ ከዚያም በርና መስኮት ተከፍቶ ይናፈስ። ብርድ ነው ብለው እንዳይዘጉት።

አራሷን አስቀድመው ለረጪው ይንገሩት። ሕፃን መኖሩን ሲሰማ የሚጠቀመውን ነገርና ሕፃኑ የሚተኛበትን ቦታ ለይቶ ካልነገረዎ አልገባውም ማለት ነው። ለዚያ ሰሞን ዘመድ ቤት ወይም እርስዎ ጋ ብትሰነብት ጥሩ ነው። የሕፃኑ አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠብ እንጂ ምንም አይረጭበትም።

ያ ባለአልጋው ልጅም አልጋውን እንዳይጥለው ንገሩት። መንገድ ላይ ካወጣው ነገ ሌላ ሰው ያነሣዋል።